ሁለት ስንዝር ተኩል

ሰው መበቀል እንዲህ ቀላል ነው ብላ ተናኜ አስባ አታውቅም ነበር። መርዝ አያስፈልግም፣ ጥይት አያስፈልግም፣ ክፉ ቃል እንኳን አያስፈልግም። አንዲት ባለ ጎማ መብራት ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው።

መብራቷ የምትገኘው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ የኋላ ክፍል ነው። አምፖሏ ቀይ ስለሆነ ስትበራ ግድግዳው ሁሉ በርበሬ የተሰጣበት ይመስላል። ከደምበጫም ከጅጋም ከቡሬም ትከሻው የታሰረ፣ ወገቡ የተያዘ፣ አንገቱ አልዞር ያለው ገበሬ «የመብራቷ ሐኪም የታለች?» እያለ ይመጣል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መብራቷን ከታመመው ትከሻ ሁለት ስንዝር ተኩል አርቆ ማቆም፣ ሃያ ደቂቃ ማሞቅ፣ ሥጋው ላላ ሲል ወዲያው ክንዱን ይዞ ቀስ እያሉ ማንሳት፣ ማዞር፣ መሳብ። ተናኜ መንበሩ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚዮቴራፒ ተምራ ያመጣችው ሙያ ይኸው ነው፤ ደግሞም ታውቅበታለች።

አቶ እጅጉ ላይ ስትደርስ ግን መብራቷን አምስት ስንዝር ታርቃታለች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ስለሚተኙ አያዩም። ቀዩ ብርሃን ትከሻቸው ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ክንዳቸውን ይዛ ማንሳቱንም ትተወዋለች። «ለዛሬ መብራቱ ይበቃዎታል» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይነሱና በግራ እጃቸው ጋቢያቸውን እየጎተቱ «እጅሽ ይባረክ ልጄ» ብለዋት ይወጣሉ። ሌላውን ሽማግሌ ሁሉ «አባቴ» ብላ ነው የምትጠራው፤ የክሊኒኩ ልማድም የራሷም ልማድ ነው። እሳቸውን ግን አንድ ቀን አባቴ ብላ ጠርታ አታውቅም።

ግድግዳው ላይ ምስክር አለ። በሽተኛው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቆምና የታመመ እጁን ጣቶች ሽቅብ ያስኬዳል፤ ጣቱ አልሄድ ካለበት ቦታ ላይ እሷ በእርሳስ ትጭራለች። የሌላው ሰው ጭረት ሳምንት በሳምንት ወደ ላይ ይወጣል። የአቶ እጅጉ ግን ከኅዳር መባቻ ጀምሮ አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ጠቁሯል። ከተናኜ ደረት ትይዩ ነው። ጧት ጧት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ አይታውም ደስ ይላታል።

በከንቱ አይደለም። ያ ትከሻ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በ1989 የመሬት ድልድል ጊዜ፣ እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራቸው የቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አያ እጅጉ የመለኪያውን ገመድ ጠምጥመው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በአጥሩ በኩል አለፉ። ከአባቷ ጋር በወንፈል አብረው ያረሱ፣ አብረው ያጨዱ፣ የወንድሟ የገነነ የክርስትና አባት የሆኑ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ቤት ለእንግዳ አላሉም። ከኮሚቴው ፊት ቆመው «መንበሩ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን ግምጃ ቤት የያዘ ሰው ነው፤ ቢሮክራት ነው» ብለው መሰከሩ። ቢሮክራት የተባለ ሰው ደግሞ ማሳው ይሸነሸናል። የወንዝ ዳሯ የበርበሬ ማሳ ተለክታ ሄደች። ዕጣ ሲወጣ ለማን ደረሰች? ለአያ እጅጉ።

የቀረችው መሬት ለአባት እንጂ ለልጅ የምትበቃ አልነበረችም። ገነነ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። ሦስት ክረምት ጠበቁት። በሦስተኛው ወባ እንደ ገደለው የሚናገር ሰው መጣ፤ ሬሳው አልመጣም። ተናኜ ትከሻ የሚያክም ሙያ ስትመርጥ ይኼን አላሰበችም። ግን ያ ገመድ የተንጠለጠለበት ትከሻ ታስሮ፣ ሸሚዝ መልበስ አቅቶት፣ በገዛ እግሩ ክፍሏ ሲገባ፣ ያመጣልኝ እግዚአብሔር ነው አለች።

አቶ እጅጉ የማን ልጅ እንደሆነች ያወቁ አይመስልም ነበር። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋታል።

«ልጄ፣ እዚህች ላይ ሸክም መጫን የምችለው መቼ ነው?»

«ምን ዓይነት ሸክም?»

«የምሸከማት ነገር አለችኝ።»

ጎተራ ሊሠሩ ነው፣ ወይ ቤት ሊያቆሙ ነው፣ አለች በሆዷ። በእኛ በርበሬ የተሠራ ቤት። «ገና ነው» አለቻቸው፤ ገና የሚለው ቃል ከረሜላ ሆነባት።

*

በቀሉ የአባትና የወንድም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀልላት ነበር። ሌላም ነበረበት። የአቶ እጅጉን ልጅ ትወደዋለች።

ቻላቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በደንብ ያወቀችው ግን ጎንደር ነው። እሱ የእንስሳት ሕክምና ይማር ነበር። አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲወጡ «የአያ መንበሩ ልጅ፣ እንደ ጊደር ተደናብረሽ ከምትወድቂ እጄን ያዥ» አላት። ደረጃው ጨለማ ነበር፤ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልለቀቀችውም። ገመዱን የጎተቱት አባቶቻችን ናቸው፣ እኛ ምን አገባን ተባባሉ። እዚያ፣ ከቡሬ ርቀው፣ እውነት ይመስል ነበር።

ተመርቀው ሲመጡ እሱ ቡሬ ተመደበ፣ እሷ ፍኖተ ሰላም ገባች። በሐምሌ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ በሰው በሰው ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ። አቶ መንበሩ የያዙትን የሞፈር እንጨት አስቀምጠው «የእጅጉ ልጅ እኔ ደጅ ሽማግሌ? እንዲያው ሰው ሁሉ ሞኝ መሰላቸው» አሉና ዝም አሉ። ተናኜ ለቻላቸው ደውላ «አባትህ መጥተው አንዲት ቃል ቢናገሩ» አለችው። «አይመጣም» አላት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። አራተኛው ወር ላይ የቡሬ ሚኒባስ ረዳት አንዲት የታጠፈች ወረቀት አመጣላት።

«ተናኜ፣ አባቴን እጅሽ ላይ ጥየዋለሁ። ትከሻው እስኪድን ድረስ ስለ እኛ ነገር ምንም አትጠይቂኝ፤ ቃል አለብኝ። እሱ ሲድን ሁሉንም ታውቂዋለሽ። እመኚኝ። ቻላቸው።»

ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣም አነበበችው። አራት ወር ጠብቃ ያገኘችው ይህንኑ ነው? እንዴት ከረምሽ የለ፣ ናፈቅሽኝ የለ። አባቱ ሲድን ነው እሷ የምትታሰበው። ያ አባት፣ ማሳቸውን የበላ፣ የክርስትና ልጁን ለመተማ ወባ የሰጠ፣ መጀመሪያ እሱ ደህና ይሁን፣ ከዚያ በኋላ የተናኜ ነገር ይታያል ማለት ነው። ወረቀቱን ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲያውስ አይድንም አለች። መብራቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የገፋችው በማግስቱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ቻላቸው ራሱ መጣ። ከሥራ ስትወጣ ክሊኒኩ በር ላይ ካለው ግራር ሥር ቆሞ አየችው። ከስቷል። ጫማው የቡሬን ጭቃ እንደ ለበሰ ነው። ልቧ ደረቷን መታ፤ እሷ ግን ልቧን አልሰማሁም አለች።

«ተናኜ።»

«አቤት ዶክተር። በሬ ታሞብዎት ነው?»

ፈገግ ሊል ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ተወው። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አራት ወር ሙሉ ደህና ነበርኩ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።»

«ቃል እንዳለብኝ ጽፌልሻለሁ። ጥቂት ቀን ነው የቀረው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ አልተሻለውም፣ ተናኜ። እንደ መጣ ነው። ጋቢውን ሲደርብ ጥርሱን ነክሶ ነው።»

«ትከሻ ጊዜ ይፈልጋል። በሬ አይደሉ፣ መርፌ ወግተህ በሦስት ቀን የምታስነሳቸው።»

ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየቱን ታውቀዋለች፤ ጎንደር ላይ፣ ስታለቅስ ያገኛት ቀን፣ እውነቱን እስክትነግረው ድረስ ያያት የነበረው እንዲሁ ነው።

«የምትችይውን ሁሉ እያደረግሽለት ነው?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ልትነግረው አንድ ቃል ነበር የቀራት። ግን የገነነ ፊት መጣባት፤ የአባቷ ዝምታም መጣባት። ዓይኗን ሳትሰብር ዓይን ዓይኑን አየችው።

«የምችለውን ሁሉ» አለችው።

አመናት። ትከሻው ላላ ሲል፣ ዓይኑ ሲረጋጋ አየችው። «ይኸው በቃኝ» አለና ወደ መናኸሪያው መንገድ ገባ። ቢጠረጥራት፣ ቢሰድባት፣ እጇን ይዞ ቢያናውጣት ይሻላት ነበር። በመታመኗ አፈረች፤ ስላፈረችም እንደገና ተናደደች።

*

ዓርብ ዕለት አቶ እጅጉ በእጃቸው አንዲት ስልቻ ይዘው ገቡ። በግራ እጃቸው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጧት።

«የድካምሽ አይሆንም፤ ግን ካለኝ ነው ያመጣሁልሽ። በርበሬ ነው። ከወንዝ ዳሯ ማሳ የተለቀመ። እንደሷ የሚያበቅል መሬት በአገሩ የለም።»

ተናኜ የስልቻዋን አፍ ፈታ አደረገችው። ሽታው ፊቷን መታት። እዚያች ማሳ ጠርዝ ድረስ ገነነ በትከሻው ተሸክሞ አድርሷት፣ ከቀይ ቀይዋን ምረጪ እያለ ነበር በርበሬ የምትለቅመው። አሥራ አራት ዓመት ያልሸተታት ሽታ ነው። አሁን ገመድ የጎተተው ሰውዬ ስጦታ አድርጎ ያመጣላታል! የስልቻዋን አፍ መልሳ አሰረችው።

«ይተኙ» አለቻቸው።

ተኙ፤ ዓይናቸውን ሸፈነችላቸው። መብራቷን አበራች። እጇ በልማዱ ወደ ኋላ ሊገፋት ሲል ቆመ። ከዚያ ወደ ፊት ሳበቻት። ሁለት ስንዝር ተኩሉን አለፈች፣ ሁለቱንም አለፈች፤ አንድ ስንዝር ላይ አቆመቻት። በሽተኛ ሁሉ ሲተኛ «ከሞቀዎት ወዲያው ይንገሩኝ» ይባላል። አላለቻቸውም። የጎጃም ገበሬ ደግሞ ካልተጠየቀ በሴት ልጅ ፊት ተቃጠልኩ ብሎ አይጮህም፤ ይኸንንም ታውቃለች።

ቆማ አየች። የተሸበሸበው ቆዳ መጀመሪያ ፈካ፣ ቀጥሎ ቀላ። ይቃጠል አለች በሆዷ። ገነነም በትኩሳት ተቃጥሏል፤ ውሃ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም። ይቃጠል!

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ተመስገን» አሉ። «ዛሬ ገና ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ብርሃኑ ብቻ ነበር። ዛሬ ሙቀቱ ከአጥንቴ ደረሰ።»

መብራቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ወረወረቻት፤ ጎማዋ ግድግዳውን መታ። ቆዳቸው አልተላጠም፣ ቀልቶ ብቻ ነበር። ቀዝቃዛ ፎጣ ጣል አደረገችበት። ያሰበችው ጩኸት ነው፤ ምስጋና አልነበረም ያሰበችው።

አቶ እጅጉ ተነስተው ሸሚዛቸውን እየታገሉ «እንግዲህ ሸክሟን መጫን እችላለሁ?» አሉ።

«አይችሉም። እንደዚህ ሆኖ ቢጫኑበት ያሳብድዎታል።»

«እንግዲያስ እንዲሁ እሞክራታለሁ። ቀን ቆርጫለሁ፤ ከዚህ በላይ ማዘግየት አልችልም።» በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «እጅሽ ይባረክ።»

ተናኜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር ጭረት አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላላትም፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

*

እሑድ ጧት እናቷ ካሰች ከጓሮዋ የለቀመቻትን ጥቂት በርበሬ ደጅ ላይ ታሰጣ ነበር። ተናኜ ቅዳሜውን ነበር ከፍኖተ ሰላም የመጣችው። አባቷ ግድግዳ ተደግፈው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ውሻው ሲጮህ ሦስቱም ቀና አሉ።

ከፊት የሰፈሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ከእነሱ ኋላ አቶ እጅጉ በባዶ እግራቸው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይራመዳሉ። ቻላቸው ደሙ ከፊቱ ሸሽቶ ከአባቱ ጎን ጎን ይሄዳል፤ እንዳይረዳ የተከለከለ ሰው ይመስል እጁን ከኋላው አቆላልፏል።

ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ምን ሊል እንደመጣ በዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። የበደለ ሰው የበደለው ሰው ደጃፍ ተሸክሞ ይቆማል። የተበደለው በገዛ እጁ ካላወረደለት አይወርድም።

ካሰች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ተናኜ ግን ከድንጋዩ በፊት ትከሻውን ነው ያየችው። የምሸከማት ነገር አለችኝ ማለት ይኼ ነው። ጎተራም ቤትም አልነበረም።

«መንበሩ» አሉ አቶ እጅጉ። ድምፃቸው ከጥርሳቸው መሃል ነበር የሚወጣው። «በሐሰት መሰከርኩብህ። ቢሮክራት አልነበርክም። ግምጃ ቤቱን ያዝልን ብዬ የለመንኩህ እኔው ነኝ። ማሳዋን ወድጃት ነው፤ አውቄ ነው። ይኸ ድንጋይ በማሳህ ራስ ላይ በእጄ የተከልኩት ድንበር ነው። ነቅዬ አመጣሁልህ። ስለ ገነነ የምለው የለኝም፤ ስለ እሱ የሚባል ቃል የለም። ስለ እመቤቴ ብለህ ይቅር በለኝ።»

አቶ መንበሩ ቀስ ብለው ተነሱ። የበቆሎው ፍሬ ከጭናቸው ላይ ተንጠባጠበ። ተናኜ አባቷን እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ካየች ብዙ ዓመቷ ነው።

«ቁም» አሉ።

ቄሱ «መንበሩ» ሊሉ ሲጀምሩ፣ «አባ፣ አይቸኩሉብኝ» አሏቸው። «ልጄ ከመተማ ይመለሳል ብዬ በዚህች ደጃፍ ሦስት ዓመት ቆሜአለሁ። እሱ ትንሽ ቢቆም ምን ይሆናል? ቁም፣ እጅጉ።»

አቶ እጅጉ ቆሙ። የሚሆነውን ነገር በሙሉ የምታውቀው ግን አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። የታሰረ ትከሻ ላይ ሸክም ሲያርፍ ሕመሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ጣት እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ ከአንገት ሥር ያለው ጅማት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ተምራለች። ጅማቱ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ላብ በጆሮአቸው ሥር ወረደ። በሃያ አንዱ ቀን የሚገባትን ሠርታ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ድንጋይ ዛሬ ድንጋይ ብቻ ይሆን ነበር።

ወደ ቻላቸው ተጠጋች። «ለዚህ ነው ወደ እኔ የመጡት?»

«ለዚሁ ነው።» ዓይኑን ከአባቱ ላይ አልነቀለም። «አልሄድም ብሎኝ ነበር፤ ሳትሄድ ማንንም አላገባም አልኩት። በመጨረሻ እሺ አለ። ገመዱን በተሸከምኩበት ትከሻ፣ ራሴ አንስቼ፣ ማንም ሳያግዘኝ ነው አለ። ትከሻዬ እስኪድን ለማንም እንዳትናገር፣ መንበሩ ከሰማ ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል ብሎ አስማለኝ። ዛሬ ማንሳቱን አቃተው። እያለቀሰ እኔ ነኝ የጫንኩለት።»

እመኚኝ ብሎ ነበር የጻፈላት፤ አላመነችውም። የምትችይውን ሁሉ እያደረግሽለት ነው ብሎ ጠየቃት፤ አመናት።

ተናኜ ወደ አጥሩ ካብ ሄደች። አንድ ድንጋይ ነቀለች፤ ከባድ ነበር፣ ጫፉ ስል ነበር። ትከሻዋ ላይ ጫነችውና መጥታ ከአቶ እጅጉ ጎን፣ ፊቷን ወደ አባቷ አድርጋ ቆመች።

«ተናኜ! ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ።

«እኔም በድያለሁ።» ድምጿ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም። «ትከሻቸውን አላከምኩትም፣ አባዬ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ መብራቷን እያራቅሁ፣ ሙቀቱ እንዳይደርሳቸው እያደረግሁ መለስኳቸው። ዓርብ ዕለት ደግሞ ላቃጥላቸው አቀረብኳት። እንዲያማቸው ፈልጌ ነው። ስለ ገነነ ብዬ ነው፤ ስለ ቻላቸውም። አሁን የሚያማቸው በእኔ ነው።»

ቻላቸው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱን ልታየው አልደፈረችም።

አቶ መንበሩ ልጃቸውን አዩ። ድንጋይ የተሸከመ ጠላታቸውን አዩ፣ ድንጋይ የተሸከመች ልጃቸውን አዩ። አሥራ አራት ዓመት በሆዳቸው የያዙት ነገር ሄዶ ሄዶ ማን ላይ እንዳረፈ ያዩት ያኔ ይመስላል። ሁለት እርምጃ ተራመዱ፣ የአቶ እጅጉን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት ላይ አወረዱት።

«ስለ እመቤቴ ብያለሁ» አሉ። «ስለ አንተ አይደለም። ስለ አንተ ገና ነው፤ እሞክራለሁ።»

ካሰች እልልታ ጀምራ ልቅሶ አደረገችው። ተናኜ አባቷ ወደ እሷ ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። አልመጡም።

«የእሷን አንተ አውርድላት» አሉ አቶ መንበሩ፣ ወደ በቆሏቸው እየተመለሱ። «ወይም ተዋት። የበደለችው አንተን ነው።»

አቶ እጅጉ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ቆመው ነበር። ፊታቸው የይቅርታ ፊት አልነበረም።

«ሃያ አንድ ቀን» አሉ። «ሚስቴ ናት እንደ ሕፃን ሸሚዝ ያለበሰችኝ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን የመንበሩ ልጅ መሆንሽን አውቄ፣ ከእሱ ይቅርታ በፊት እሷ አከመችኝ፣ ይህቺ ልጅ ምን ዓይነት ልብ አላት እያልኩ በየቀኑ ስመርቅሽ...» አልጨረሱትም።

«ስለ እመቤቴ» አለች ተናኜ። ድንጋዩ አንገቷን ይቆርጣት ነበር። ቢሄዱ፣ ተሸክማው ልትውል፣ ነገም ልትሸከመው ዝግጁ ነበረች።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀረቡ። ግራ እጃቸው ድንጋዩ ሥር ገባች። ቀኛቸውን አነሱ፤ ተንቀጠቀጠች፣ ወጣች፣ ወጣች፣ ከደረቷ ትይዩ ስትደርስ ቆመች። ተናኜ ቦታውን ታውቀዋለች። በራሷ እርሳስ ሃያ አንድ ጊዜ ጭራበታለች። ከዚያች በላይ አትሄድም፤ እንዳትሄድ ያደረገችው እሷ ናት።

ቻላቸው ሊረዳ ተራመደ።

«ተው!» አሉት አባቱ። «እኔ ነኝ።»

ሌላ መንገድ አልነበረም። ተናኜ ተንበረከከች። የተሰጣው በርበሬ ላይ ነበር የተንበረከከችው፤ ከጉልበቷ ሥር ተሰባበረ፣ ያ ሽታ ወጣ። ትከሻዋ እጃቸው ከሚደርስበት በታች ወረደ። ያኔ ሁለቱም እጆች ደረሱ። ድንጋዩ ሲነሳላት ቀለለኝ አላለችም። አፈረች፤ እንደ ልጅነቷ፣ ሰው እያየ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።

«አባቴ» አለቻቸው ከመሬት። «ሰኞ ይምጡ። መብራቷን ሁለት ስንዝር ተኩል ላይ ነው የማቆማት። በእጄም እሠራልዎታለሁ፤ ጭረቱ ሽቅብ እስኪሄድ።»

«እመጣለሁ» አሉ አቶ እጅጉ። ቀጥለውም «ግን ልጄም አብሮኝ ይቀመጣል» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ቄሱ እየጸለዩ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ቻላቸው ብቻ ደጅ ቀረ። መጥቶ ከፊት ለፊቷ ቆመ። እሷም አልተነሳችም፤ የቡሬ ጭቃ የደረቀበትን ጫማውን ብቻ ነው የምታየው።

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ» አላት።

«አዎ።»

«አምኜሽ ነው የሄድኩት። አባቴ በየለሊቱ ሲያቃስት እሷ የምትችለውን አድርጋለች እያልኩት።»

«አዎ።»

ከአባቱ ትከሻ የወረደውን ድንጋይ ዞሮ አየው።

«ለእኔም ድንጋይ ታመጫለሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ቁጣው ከፊቱ አልወረደም።

«አመጣለሁ።»

«ትልቅ ይሁን» አላት። «እንደ ጊደር ተደናብረሽ እንዳትጥይው ደግሞ።»

ግንባሩ እንደተኮማተረ ነበር፤ እጁንም አልዘረጋላትም። ድምፁ ውስጥ ግን፣ ከአራት ወር በኋላ፣ ያንን የጎንደር ጨለማ ደረጃ ሰማችው። ተነስታ ለትከሻዋ የሚበቃ ትልቅ ድንጋይ ልትፈልግ ወደ ካቡ ስትሄድ ልቧ እንደዚያን ማታ ይመታ ነበር።